ሾፌርና ጭራሮ

ጥቅምት 8

ለወንድሜ ልጅ፣ ለጭራሮዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ፣ እግርህ፣ እንቅልፍህ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከዓይኔ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ዓይኔም ቢሆን መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ነው እንጂ የሰው ጉድ ለማየት አላስቸገረኝም። ባለህበት ጤናውን ያብዛልህ፣ የምትረግጠውን ያለስልስልህ፣ ለአለቃህም ርኅራኄ ይስጥልኝ።

«ለምን አትደውይም?» እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ስታወራ ትቸኩላለህ፤ «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ ግን እስክትጨርሰው ከእጄ አታመልጥም። ደግሞ ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ አንዱ ክፍል ያስነጠሰውን ሌላው ክፍል ሆነው «ይማርህ» የሚሉበት ቤት ነው፤ ሁሉ ነገር በስልክ አይወራም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያ ጥለኸው የሄድከው የጌም ማሽን አልጋህ ስር በካርቶኑ አለ። አልሸጥኩትም፣ ለማንም አላዋስኩትም። ዛሬ አውጥቼ አቧራውን ጠረግሁለት። አንተና የሰፈር ጓደኞችህ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ ቴሌቪዥኑን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ጠረጴዛዬን በእግራችሁ እየደበደባችሁ መኪና የምትነዱበት ነገር ነበር አይደል? እሱን እንዴት ነው የሚያደርጉት? ሁለት ሰው፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ቴሌቪዥን ላይ። ኢንተርኔት የሚሉት ነገር እዚህ ቤት እንደማይገባ ታውቃለህ፤ ያለ እሱ ይሆናል?

ገመዶቹን ተጠላልፈው ነው ያገኘኋቸው፤ ስፈታቸው ዋልኩ። ጆይስቲክ የምትሉት ሁለቱም አሉ። የአንዱ ጉብታ ላስቲኩ ተልጧል፣ የማን ጥፍር እንደላጠው አላጣሁትም። አስረዳኝ፤ ግን ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዳ አድርገህ ነው። «ሴቲንግ ግቢ» ብለህ እንዳታልፈኝ፣ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ለምን ፈለግሽው ካልከኝ፣ ለደንበኞቼ ልጆች ነው እንበል። የእናቶቻቸውን ልክ ስወስድ ክሬን ይበታትኑብኛል።

አባትህ ደህና ነው። ሰሞኑን ከቤት ነው።

ቶሎ መልስልኝ። እስክትመልስ ካርቶኑን ወደ ቦታው አልመልሰውም፤ እየተሰናከልኩበት እጠብቅሃለሁ።

ልብስ ሰፊዋ አክስትህ

*

ኅዳር 2

ለምወድሽ እትዬ፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። ለዓይንሽ ብርሃን፣ ለእጅሽ ብርታት፣ ለስፌት መኪናሽ ደግሞ ዘይት ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው ሆቴል፣ ከምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ነኝ። አሁን ወደ አንሶላ አዛውረውኛል። አንሶላ ከመተኮሻው ሲወጣ በሁለት ሰው ነው የሚታጠፈው፤ እኔ አንዱን ጫፍ፣ አንድ ሽማግሌ ሌላውን ጫፍ እንይዛለን። የጋራ ቋንቋ የለንም። ሳብ ሲያደርገው «ፍጠን» ማለቱ ነው፤ ረገብ ሲያደርገው «ሻይ ልንጠጣ ነው» ማለቱ ነው። እስካሁን ተጣልተን አናውቅም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ሰው ታዘበኝ። አንቺ እና ጌም! «ይሄ ሣጥን ዓይንህን ያጠፋዋል» እያልሽ መሰኪያውን ትነቅይብኝ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?

እንግዲህ ስሚ። ያለ ኢንተርኔት ይሆናል፤ እንዲያውም እኛ እንደዚያ ነበር የምንጫወተው። ጠፍጣፋ አፍ ያለውን ወፍራም ገመድ ከማሽኑ ጀርባ ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ትሰኪያለሽ። እንቢ ካለሽ አዙሪው፤ እንደ ዚፕ በጉልበት አትታገይው። ማሽኑን አብሪና በሪሞቱ፣ ቀስት ወደ ሣጥን ሲገባ የሚያሳየውን ቁልፍ ደጋግመሽ ተጫኚ፤ ጉም የመሰለው ይጠፋና የማሽኑ ሥዕል ይመጣል። ከዚያ ጆይስቲኮቹን ተራ በተራ በቀጭኑ ገመድ ከማሽኑ ጋር አገናኚና መሐላቸው ያለውን ክብ ቁልፍ ተጫኚ። መብራታቸው ሲረጋ ገመዱን መንቀል ትችያለሽ።

አሁን ዋናው ነገር። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ጆይስቲክ «ማን ነው የሚጫወተው?» ብሎ ይጠይቃል። ከሲታዋ ድመት ያለችበት የኔ ነው፣ «ጭራሮ» የሚል አለበት፤ እሱን ተይው። የመደመር ምልክቷን ተጭነሽ ለአንዱ ሰው አዲስ ስም ክፈቺ። ለሁለተኛው ደግሞ ፊት የሌለውን ራስ ምረጪ፤ «እንግዳ» ማለት ነው፣ ምንም አይጠይቅሽም። የመኪናው ጌም ውስጥ ስትገቢ የሁለት ሰው ሥዕል ያለበትን ተጫኚ። ሉል ያለበትን እንዳትነኪ፣ እሱ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ላይና ታች ተብሎ ይከፈላል፤ የላዩ ለአንዱ፣ የታቹ ለሌላው። ነዳጁ ከኋላ በኩል በቀኝ ሌባ ጣት ነው፣ ፍሬኑ በግራ፣ መሪው የግራ አውራ ጣት ላይ ያለው ጉብታ። ላስቲኩ የተላጠው ጆይስቲክ ወደ ግራ ይጎትታል፤ እሱን ጎበዝ ለሆነው ስጪ።

ቆይ ግን፣ የደንበኞች ልጆች? እትዬ፣ ውሸት አይሆንልሽም። ደግሞ ወንድምሽ በሥራ ቀን ከቤት ምን ይሠራል? አውቶቡሱ ተበላሸ እንዴ?

ሰላም በይልኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ጭራሮሽ

*

ኅዳር 21

ለልጄ፤

እንደምን ከረምክ? ዕድሜህን ያርዝመው፣ ክፉ ወሬ ከደጅህ ይራቅ ብዬ እንዳልመርቅህ ክፉውን ወሬ ይዤ የመጣሁት እኔው ነኝ። ተቀምጠህ አንብበው። አይዞህ፣ ሞት የለም።

አባትህ በመስከረም ስትሮክ መታው። ከመንገድ ገብቶ የአውቶቡሱን ቁልፍ ለስምሪቱ ሰውዬ ሲያቀብል ቁልፉ ከእጁ ወደቀ፤ ሊያነሳው ጎንበስ ቢል ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። እግሩ ተርፏል። አፉም ትንሽ ዘገየ እንጂ ተርፏል፤ ስድቡ ሁሉ በቦታው አለ። ቀኝ እጁ ነው የቀረው። ድርጅቱ «እረፍ» ብሎ ሸኝቶታል። አሁን ጉልበቱ ላይ እጁን አስቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ማንኪያ ስለማይጨብጥለት እኔ ፊት አይበላም፤ ሳህኑን ትቼለት ዞር ማለት አለብኝ። የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የላስቲክ ኳስ ሰጥታው ነበር፣ ቀን ቀን እንዲጨብጥ። «ኳስ ጨብጥ የምትለኝ ሕፃን ነኝ?» ብሎ ቁም ሣጥን ስር ወረወረው። ልጅቷ በር ላይ ለብቻዬ ይዛኝ ምን አለችኝ መሰለህ፣ «እነዚህን ወራት ካላሠራቸው ጣቶቹ በዚያው ደርቀው ይቀራሉ።»

እኔ ምን ላድርግ? ያንን ሰው ታውቀዋለህ። መሪ እንጂ ሌላ ነገር ጨብጥ ብትለው ይሳደባል። መሪ የት አባቴ ላምጣለት ስል ነው ማሽንህ ትዝ ያለኝ።

ላንተ ያልነገርኩህ እሱ «ለልጁ እንዳትነግሪ» ስላለኝ ነው። እኔም አንተ ስለ እሱ መጠየቅ ስላቆምክ እንዴት ብዬ ልጀምረው። መቀየም ካሰኘህ ተቀየመኝ።

አሁን ደግሞ ጉዴን ስማ። እንዳልከኝ ሰካሁ፣ እንዳልከኝ ተጫንኩ። ጉሙ ሲጠፋ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለአባትህ አዲስ ስም ከፈትኩ፣ «ሾፌር» አልኩት። ለእኔ ደግሞ ያንን ፊት የሌለውን ራስ ልጫን ስል እጄ እንቢ አለኝ። በገዛ ቤቴ እንግዳ? ኪራዩን የምከፍል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የምደቅን እኔ! ምን ቆርጦኝ ነው እንግዳ የምሆነው? ድመቷን ተጫንኩ። የአንተ ከሆነ የኔም ነው ብዬ።

ጆይስቲኩን አባትህ ጭን ላይ አስቀመጥኩለት። የኔን ከምሰፋው ቀሚስ ስር ደበቅሁት፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ደንበኛ ቢያየኝ ጨርቋን ይዛ ነው የምትሄደው። ቴሌቪዥኑ ለሁለት ሲከፈል አባትህ ቀና አለ። ላይ «ሾፌር» ይላል፣ ታች «ጭራሮ» ይላል። በአፉ እየቆጠረ ፊደሉን አነበበው።

«ጭራሮ?» አለ። «እሱ ነው?»

ልጄ፣ ስምህ ከተነሳ ስንት ጊዜው ነው። «ሌላ ጭራሮ ማን አለን?» ብቻ አልኩት። ውሸት አይደለም እኮ።

«ከዚያ ሆኖ ነው የሚነዳው?»

«እኔ ማሽን አላውቅም፣ ልብስ ነው የምሰፋው» አልኩት።

በግራ እጁ ቀኙን አነሳ፣ ሌባ ጣቱን ነዳጁ ላይ እንደ ዕቃ አስቀመጠው። መኪናው ነቅነቅ አለ። ሄደና ቆመ፣ ሄደና ቆመ። «ይሄን መንገድ ማን ነው የሠራው? አንድ ጉድጓድ የለውም» አለ። ከመስከረም ወዲህ ቀልድ ሲወጣው የመጀመሪያው ነው። ኩርባው ላይ ጣቱ ሲደክም መኪናው ሣር ውስጥ ገባበት። እኔ ከፊት ነበርኩ። ጥዬው ልሂድ? አላስቻለኝም፣ ቆምኩለት። እስኪወጣ ጠበቅሁት። እሱ ደግሞ አየው።

አሁን በየቀኑ «ልጁ የሚገባበት ሰዓት ደርሷል?» ይላል። እኔ ቀሚሴን ይዤ እቀመጣለሁ። ምን ላድርግ? ጣቱ እስኪመለስ ዝም ብል ትፈቅድልኛለህ?

አክስትህ

*

ጥር 9

ለእትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። እየጀመርኩ ስቀድ ነው የከረምኩት፣ ይሄኛውንም ሳልቀደው ፖስታ ቤት ልድረስ።

ተናድጃለሁ። መጀመሪያ የተናደድኩት ስለደበቅሽኝ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከአንቺ ተደብቄ የሠራሁት ነገር የለም፣ ጆይስቲክ ከመላጥ በቀር። አባቴ እጁን ሲያጣ እኔ እዚህ የሰው አንሶላ አጥፋለሁ!

ሁለተኛው ግን ይብሳል። በስሜ ትጠብቂዋለሽ። እትዬ፣ የሄድኩ ዕለት ነበርሽ አይደል? በር ላይ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። «ከጉዞ እንደገባሁ እመጣለሁ» ብሎ ነበር። ታክሲው ጥሩምባ ነፋ፣ አንቺ «ትንሽ ጠብቅ፣ መንገድ ይዞት ይሆናል» አልሽኝ፣ ጠበቅሁ። ታክሲው ደግሞ ነፋ። ሰውዬው መውጣቴን ስላልወደደ ብቻ ልጁን ሳይሰናበት ቀረ። ያን ቀን ነው መጠበቄን በር ላይ ትቼው የሄድኩት። አሁን አንቺ አንስተሽ አቧራውን ጠርገሽ «ይኸው ልጅህ ይጠብቅሃል» ትይዋለሽ። አልጠብቀውም። ወይ እውነቱን ንገሪው፣ ወይ ደግሞ ጭራሮ ከሆንሽ እንደ ጭራሮ ንጂና እለፊው።

ጣቱ ግን እስከ ታች ይወርዳል? ነዳጁ ግማሽ ሲጫኑት ግማሽ ነው የሚሄደው፤ መኪናው ሲያጓራ ከሰማሽ እስከ ታች ተጭኖታል ማለት ነው። የተላጠውን ጆይስቲክ እንዳትሰጪው፣ የሱ ነዳጅ ድርቅ ያለ ነው። ማሽኑ ደግሞ በራሱ ነዳጅ የሚሰጥበት ነገር አለው፤ ብታገኚው አትክፈቺው፣ ጣቱ ሥራ ይፈታል።

ይህን የምጽፈው ስላዘንኩለት አይደለም። ማሽኑ የኔ ስለሆነ ነው።

ጭራሮ

*

ጥር 28

ለሆደ ባሻው ልጄ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ቁጣህም ደረሰኝ። አንጀትህን ያርሰው፣ ልብህን ያስፋልህ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ። ልክ ነህ። ያን ቀን እኔም ከኋላህ ቆሜ ነበር፤ ጀርባህን እያየሁ። ወንድሜን ያን ቀን የሰደብኩትን ስድብ ወረቀት አይችለውም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። መኪናው አጓርቷል! ባለፈው ሳምንት አንዴ፣ ከዚያ ወዲህ ግን አልፎ አልፎ እያጓራ ነው። የሸሚዙን አንድ ቁልፍ ራሱ ቆለፈ፣ ሌላውን ቆልፊልኝ ብሎ መጣ። ማንኪያም ይዟል። ግማሹ ሾርባ ሸሚዙ ላይ ነው የሚቀረው፣ ግን እኔ ፊት ነው የበላው። ፊዚዮቴራፒስቷ «ኳሱን እየጨበጠ ነው ማለት ነው» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ኳሱ እስካሁን ቁም ሣጥን ስር ነው።

አሁን ስማኝ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለህ አንብበው።

እንዳዘዝከኝ አደረግሁ። ከምነግረው ማለፉ ይሻላል ብዬ ያን ቀን ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ። ኩርባው ላይ ሣር ውስጥ ሲገባ አልቆምኩም፣ አለፍኩት። አባትህ ነዳጁን ለቀቀ። መኪናው ሣሩ ውስጥ ቆመ። ቴሌቪዥኑን እያየ «ሂድ ልጄ፣ መብትህ ነው» አለ።

እኔ መሄድ አቃተኝ። መኪናውን አዞርኩት፤ ማሽኑ በቀይ «በተሳሳተ አቅጣጫ እየነዳህ ነው» የሚመስል ምልክት ፊቴ ላይ ያበራል፣ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተመለስኩ። አጠገቡ መጥቼ ቆምኩ። አባትህ ያንን ሲያይ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ለቴሌቪዥኑ፣ ጮክ ብሎ፣ እንደሚከተለው ተናገረ። ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ።

«ያን ቀን መጥቻለሁ። መድኃኒት ቤቱ ጥግ አውቶቡሱን አቁሜ ውስጡ ነበርኩ። ሻንጣህ ላይ ተቀምጠህ አይሃለሁ። ልውረድ እልና እግሬ እንቢ ይላል። ከወረድኩ ሻንጣውን ነጥቄ ቤት የማስገባህ መሰለኝ፤ የልጁን ዕድል የዘጋ አባት እንዳልሆን ፈራሁ። ስትጠብቀኝ አይሃለሁ። እንደዚሁ ነበር የጠበቅኸኝ።»

ይሄው ነው ያለው። ከዚያ «ና እንሂድ» ብሎ ነዳጁን ያዘ።

እኔ እህቱ ነኝ፤ አንድ ጣሪያ ስር ነው የምንኖረው፤ ይህንን አንድ ቀን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። የደንበኛዬ ሐር ቀሚስ ላይ አለቀስኩበት፤ ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል። ዲዛይን ነው እላታለሁ።

ጭራሮዬ፣ አሁንም ልለፈው? እዘዘኝ፣ አደርገዋለሁ። ከቻልክ ግን አትዘዘኝ።

አክስትህ

*

የካቲት 17

ለምወድሽ እትዬ፤

እግዜር እጅሽን ይባርከው። የሰላምታውን ነገር አሳጥሬዋለሁ፣ ሆዴ ስለባባ ነው።

ደብዳቤሽን በሥራ ሰዓት ነው ያነበብኩት፣ አንሶላው መተኮሻ ውስጥ እያለ። ሲወጣ ጫፉን አልያዝኩም። ሽማግሌው አንሶላውን ብቻውን ሰብስቦ፣ እንደ ምንም አጥፎ፣ ሌላውንም ሌላውንም ብቻውን አጠፈልኝ። ምን እንደሆንኩ አልጠየቀም፣ ቢጠይቀኝም በምን አፌ።

አንድ ነገር ላውጋሽ። ታክሲው ከሰፈር ሲወጣ ከኋላችን ትልቅ አውቶቡስ በመስታወቱ ይታይ ነበር። እስከ ዋናው መንገድ ተከተለን። ታክሲው ሲታጠፍ አውቶቡሱ መብራቱን አበራ አጠፋ፣ አበራ አጠፋ። ባለታክሲው በመስታወት እያየ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?» አለ። እኔ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም፤ ዓይኔ ቦዞ ነበር። አባዬ ነበር እንዴ? ጠይቂልኝ። አይ፣ አትጠይቂ። እኔ እጠይቀዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለእሱ የጻፍኩትን ወረቀት አጥፌ አድርጌዋለሁ። አንብቢለት። እንዲህ ይላል፦

«አባዬ፣ ጤናህን አጥብቄ እመኛለሁ። የምነግርህ ነገር አለ። ከታች የሚነዳው ጭራሮ እኔ አይደለሁም፣ እትዬ ነች። ጆይስቲኩን የምትደብቀው ከጨርቁ ስር ነው። ኩርባው ላይ ቆማ የምትጠብቅህ እሷ ነች። እኔ እዚህ ሆኜ ትለፍህ ብዬ አዝዣት ነበር። የእሷን ጥበቃ የኔ ነው ብዬ መውሰድ ስላልፈለግሁ ነው የምነግርህ። ብትናደድ በእኔ ተናደድ፣ እሷን ተዋት፤ ያደረገችው ለእጅህ ነው። በሰኔ ዕረፍት ይሰጡኛል። ልምጣ? ልጅህ።»

እትዬ፣ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ካወቀ በኋላ ጆይስቲኩን ወርውሮ እንደ ኳሱ ቁም ሣጥን ስር ሊከተው ይችላል። እኔም ፈርቻለሁ። ጣቱ ገና ነው። ግን ተመልሼ ፊቱ ስቀመጥ «ያኔ አብረን ስንነዳ» ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ? አይሆንልኝም፤ ውሸት እንደማይሆንልን ካንቺ ነው የተማርኩት።

እስክትመልሺልኝ እንቅልፍ የለኝም። እስከዚያው ግን ጠብቂው። አደራ፣ ኩርባው ላይ ጠብቂው።

ጭራሮሽ

*

መጋቢት 11

ለልጄ፤

ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ እጄን ታዘበው እንጂ እኔን አትታዘበኝ። እትዬህ «ልጻፍልህ» እያለች ከትከሻዬ አልወርድ ብላኛለች፤ ዞር በይ ብያታለሁ። በር ላይ ሆና ታያለች።

ጤና ነህ? ይብላህ፣ ይጠጣህ፣ ይመችህ። ምርቃት የእሷ ሥራ ነው፣ እኔ አልችልበትም።

ወረቀትህን አነበበችልኝ። እያነበበች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች በዓይኗ ጠርዝ ጆይስቲኩን ትጠብቃለች፣ እንዳልወረውረው።

ልጄ፣ አውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ዙር ያህል አንተ መስለኸኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ከዚያ ደንበኛ በር አንኳኳ። እህቴ ስትነሳ ጭራሮ መንገድ መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ። ደንበኛዋን ሸኝታ ስትቀመጥ ጭራሮም ተነሳ። ደግሞም እህቴ ከእያንዳንዱ ኩርባ በፊት «ውይ!» ትላለች፤ መኪናው የሚታጠፈው ከ«ውይ» በኋላ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ መሪ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መሪው ላይ ማን እንዳለ ይጠፋኛል? ያ ቀሚስ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ እጅጌው አንድ ነው። መርፌዋ ክር የለውም።

ለምን ዝም አልክ ብትለኝ፣ እጄ ብዕር አልይዝ አለኝ። አፌም ቢሆን ስትሮክ ሳይነካውም ላንተ ቸግሮት የኖረ አፍ ነው፣ ታውቀዋለህ። እህቴ ግን የሰማችውን ሁሉ እንደምትጽፍልህ አውቃለሁ፤ ማታ ጠረጴዛው ላይ ብዕሯ ሲንጫጫ ይሰማኛል። ስለዚህ ለቴሌቪዥኑ የተናገርኩት ላንተ ነው። ጮክ ያልኩት ጆይስቲኩን ከጨርቁ ስር ለያዘችው እንዲሰማት ነው። የመድኃኒት ቤቱን ጥግ ነገር ከመናገሬ በፊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ስለማመደው ነው የከረምኩት። «ሂድ ልጄ፣ መብትህ ነው» ያልኩት ግን አልተለማመድኩትም፤ አመለጠኝ።

አሁን እጄ መለስ ብሏል፤ በእጄ ልጻፍልህ። መብራቱን ያበራሁት እኔ ነኝ። ከአውቶቡሱ መውረድ ነበረብኝ።

ጣቴ እስከ ታች ይወርዳል። አውቶቡስ አይመልሱልኝም፣ ገባኝ። ሸሚዜን ግን ራሴ ነው የምቆልፈው። ወረቀትህ ከተነበበ በኋላም እየነዳን ነው፤ እህቴ ጆይስቲኩን ከጨርቁ ስር አውጥታ በግልጽ ይዛለች፤ አሁን ግን ሳትደብቀው አትችልበትም፣ በመኪናዋ የመንገዱን ግድግዳ ሁሉ ጨረሰችው። አሁን ኩርባው ላይ የምጠብቃት እኔ ነኝ።

ልምጣ ብለህ ጠይቀሃል። ይህ ይጠየቃል? ና። ቴሌቪዥኑ ፊት ቦታህን ለቅቀናል። የተላጠውን ጆይስቲክ እኔ እይዘዋለሁ፤ አንተ ደህናውን ያዝ። ማሽኑ ማን ነው የሚጫወተው ብሎ ሲጠይቅህ ግን ያንን ፊት የሌለውን እንግዳ የሚለውን እንዳትነካ።

አባትህ